ድሬ ላይ ገዝቶ ሳነቴ ላይ መርገጥ፦ ለወጣት ተጓዥ የተራራ ጫማ አመራረጥ

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናት። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች፤ ወይና ደጋ ናት። የባሌው ሳነቴ አምባ ደግሞ 4,000 ሜትር ላይ የተንጣለለ ውርጭ ነው፤ ከላዩ የተቀመጠው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ለልጅ የጉዞ ጫማ ሲገዛ የሚሠሩት ስሕተቶች አብዛኞቹ ከዚህ ልዩነት ይመነጫሉ፤ ጫማው የሚገዛበት አገርና የሚረገጥበት አገር አይተዋወቁም። የድሬዳዋ ገበያ ቀፊራ ላይ ሲሞከር ቀለል ያለና ነፋስ የሚያስገባ ጫማ ደስ ይላል። ያው ጫማ ሳነቴ ላይ በሁለተኛው ቀን ጠዋት ውሃ የጠጣ ስፖንጅ ሆኖ ይገኛል።

መመሪያው ከ13 እስከ 18 ዓመት ላሉ፣ ከሦስት እስከ አምስት ቀን፣ በቀን ከ12 እስከ 20 ኪሎ ሜትር በእግራቸው ለሚሄዱ ልጆች ነው። ወላጅም፣ የትምህርት ቤት ክበብ የሚመራ መምህርም፣ ልጁ ራሱም ይጠቀምበት። ባሌን እናንሳ እንጂ እዚሁ ሐረርጌ ላለው ጋራ ሙለታም (ከ3,300 ሜትር በላይ ነው፤ ልጅ ኢያሱ የመጨረሻ የእስር ዘመናቸውን ያሳለፉበት ተራራ) እንዳለ ይሠራል።

መጀመሪያ ስለ ጊዜ። ጫማው ከጉዞው ቢያንስ ስድስት ሳምንት ቀድሞ ይገዛ፤ እግሩን የሚለማመድበት ጊዜ ያስፈልጋል። ከሦስት ወር በላይ ግን አትቅደሙ። በዕድገት ላይ ያለ ልጅ እግር በጥቂት ወራት አንድ ቁጥር ሊጨምር ይችላል፤ ለታኅሣሥ ጉዞ ሰኔ ላይ የተገዛ ጫማ ታኅሣሥ ላይ አውራ ጣት የሚቀጠቅጥ ይሆናል።

መሬቱ ምን ይጠይቃል?

ጫማ ከመምረጣችሁ በፊት የሚረገጠውን አስቡት። ሳነቴና አካባቢው ለጥ ያለ ሜዳ ይመስላል፤ ከሩቅ ሲያዩት ኳስ የሚያጫውት ነው። ሲገቡበት ግን የጓሳ ሣር ጉብታ በጉብታ ሆኖ በቅሏል፤ በጉብታዎቹ መካከል ያለው ጥቁር አፈር ውሃ ይዞ ይሰምጣል። ሌሊት ከዜሮ በታች ወርዶ የጠጠረው መሬት ረፋድ ላይ ይቀልጥና ጭቃ ይሆናል። እዚህም እዚያም የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አለ። ከሁሉ የሚከፋው ግን ፍልፈል ነው። ቀይ ቀበሮ የሚያድነው የባሌ ፍልፈል መሬቱን እንደ ወንፊት በስቶታል፤ ሣር የሸፈነው ጉድጓድ ውስጥ የገባ እግር ቁርጭምጭሚቱ ላይ ይታጠፋል።

ከዚህ አራት ነገር ይወጣል። ጫማው ቁርጭምጭሚትን አልፎ የሚይዝ መሆን አለበት። ከታች ቢያንስ አራት ጣት ከፍታ ድረስ ውሃ ማስገባት የለበትም። ሶሉ ጭቃ የሚነክስና ጭቃውን መልሶ የሚጥል ጥርስ ይፈልጋል። እግሩ በጉብታና በድንጋይ ላይ እንዳይጣመም ደግሞ ሶሉ ወደ ጎን በቀላሉ የማይጠመዘዝ ይሁን። ቀለሙም፣ ስሙም፣ ጎኑ ላይ ያለው ምልክትም ከእነዚህ በኋላ ነው የሚመጣው።

እግሩን መለካት

ልጁ «39 ነኝ» ካለ አትመኑት። ያ ቁጥር የስኒከሩ ነው፤ እሱም ያለፈው ዓመት።

ልኩ ከሰዓት በኋላ ይወሰድ፤ 10 ወይም 11 ሰዓት ላይ፣ ልጁ ሲንቀሳቀስ ከዋለ በኋላ። እግር በሙቀትና በመቆም ያብጣል፤ ጠዋት የተለካ እግር በጉዞው ከሰዓት ላይ የሚኖረው እግር አይደለም። ለድሬ ሰው ይሄ ከገበያው ሰዓት ጋር ይገጥማል፤ ከቀትር ዕረፍት በኋላ ሱቆች ሲከፈቱ ውጡ።

አንድ ነጭ ወረቀት ግድግዳ ሥር አንጥፉ። ልጁ ለጉዞው የሚለብሰውን ወፍራም ካልሲ አድርጎ፣ ተረከዙን ግድግዳው ላይ አስጠግቶ፣ በሁለት እግሩ እኩል ቆሞ ይርገጠው። ተቀምጦ የሚለካ እግር ያጥራል፤ ክብደት ሲያርፍበት ይረዝማል፣ ይሰፋል። እርሳሱን ቀጥ አድርጋችሁ የረጅሙን ጣት ጫፍ ምልክት አድርጉ። ረጅሙ ሁልጊዜ አውራ ጣት አይደለም፤ በብዙ ሰው ሁለተኛው ጣት ይበልጣል። ሁለቱንም እግር ለኩና በትልቁ ሂዱ።

ሴንቲሜትሩን ወደ አውሮፓ ቁጥር ለመቀየር 1.5 ጨምሩበትና በ1.5 አባዙት። እግሩ 24.5 ሴንቲሜትር ከሆነ 24.5 ሲደመር 1.5 እኩል 26፣ 26 ሲባዛ በ1.5 እኩል 39 ነው። አንድ የአውሮፓ ቁጥር ከሚቀጥለው የሚለየው 6.7 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ የእንግሊዝ ቁጥር ግን 8.5 ገደማ። ሰልባጅ ላይ የሦስት አገር ቁጥር ተቀላቅሎ ስለሚገኝ በምላሱ ውስጥ ካለው ጽሑፍ የሴንቲሜትሩን ቁጥር ፈልጋችሁ እሱን ተከተሉ፤ ሌሎቹ ያደናግራሉ። የወጣው ቁጥር የመነሻ ቁጥር ነው። 39 ካለ 39ንም፣ 40ንም ሞክሩ። የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው እግሩ ነው።

ውስጥ እግሩ ምን ዓይነት እንደሆነም እዩ። እግሩን አርጥቦ ደረቅ ሲሚንቶ ላይ ይርገጥ። አሻራው መሐሉ ላይ ቀጠን ካለ የተለመደ ነው። ሙሉ በሙሉ ከሞላ ጠፍጣፋ እግር ነው፤ ይሄ ልጅ ወደ ጎን የማይጠመዘዝ ሶል ከሌሎቹ በበለጠ ያስፈልገዋል።

እንግዲህ «ያድግበታል» ወደሚለው እንምጣ። ለዩኒፎርም ጥሩ ልማድ ነው፤ እጅጌ ይጠቀለላል፣ ሱሪ ይታጠፋል። ጫማ ግን አይታጠፍም። በሁለት ቁጥር የተለቀ ጫማ ውስጥ ተረከዝ በየእርምጃው ይነሳል፤ በቀን 25,000 እርምጃ ቢሄድ የእያንዳንዱ ተረከዝ ቆዳ 12,500 ጊዜ ይታሻል። እግሩ ደግሞ ቁልቁለት ላይ ወደፊት ይንሸራተትና ጥፍሮቹ ይጠቁራሉ። ጥጥ ወይም ጨርቅ ጫፉ ላይ መወተፍም አያድንም፤ እርጥብ ሲሆን ይጠጥራል፣ ይቋጠራል። ለዕድገት የሚፈቀደው ትርፍ በወፍራም ካልሲ ላይ ከ12 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ የአውራ ጣት ስፋት ብትሉትም ከዚያ አይርቅም።

የትኛው ዓይነት?

*የቆዳ የተራራ ጫማ።* ሙሉ ቆዳ፣ ስፌቱ ጥቂት የሆነ። ስፌት ባነሰ ቁጥር የውሃ መግቢያው ያንሳል። ከባድ ነው፣ ለመለማመድ ጊዜ ይወስዳል፣ ግን ሰም ተቀብቶ ረግረጉን ይችላል፣ ጫማ ሰፊም ይጠግነዋል። ለጭቃና ለጓሳ ሣር የእኛ ምርጫ ይሄ ነው። ጓሳ ስለታም ነው፤ የጨርቅ ጫማን ይፍቃል።

*ጨርቅና ቆዳ የተቀላቀለበት፣ ውስጡ ውሃ የማያስገባ ስስ ሽፋን ያለው።* ጎሬ ቴክስ የሚባለው የዚህ ሽፋን ታዋቂው ነው። ሽፋኑ የሚሠራው በውስጥና በውጭ ባለው የሙቀትና የእርጥበት ልዩነት ነው፤ ላቡን በትነት መልክ ያስወጣል፣ ፈሳሽ ውሃን ያግዳል። ድሬ ላይ ውጭው እንደ ውስጡ ሙቅ ስለሆነ ላቡ አይወጣም። ልጁ ለአሥር ደቂቃ ሞክሮት «እግሬ ተቀቀለ» ይልና ይጥለዋል። ፍርዱ ለድሬ ትክክል ነው፤ ለሳነቴ ግን ልክ አይደለም፤ እዚያ ብርዱ ሲመጣ ይሄ ሽፋን ሥራውን ይሠራል። አንድ ድክመት አለበት፤ ውሃ ከላይ በአንገቱ ከገባ እንደ ጀሪካን ይይዘዋል፣ ለማድረቅ ሁለት ቀን ይፈልጋል።

*ከስክስ።* በገበያው በቀላሉ የሚገኝ፣ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ፣ የማይበጠስ። ከመግዛታችሁ በፊት የውስጥ ጎኑን፣ ከሶሉ በላይ ባለው ቦታ ላይ እዩ። ለበረሃና ለጫካ የተሠሩት እዚያ ላይ ሁለት ትናንሽ የብረት ቀዳዳ አላቸው፤ የገባው ውሃ እንዲወጣባቸው ነው። በወጣበት ይገባል፤ ረግረግ ላይ ለእግር ቧንቧ መዘርጋት ማለት ነው። ቀዳዳ የሌለው ሙሉ ቆዳው ከስክስ ይሻላል፤ ግን ለ45 ኪሎ ልጅ ከባድ ነው፤ እግር ላይ የታሰረ ክብደት ጀርባ ላይ ካለው ብዙ እጥፍ ያደክማል። የወታደር ዕቃ በኬላ ላይ ጥያቄ ሊያስነሳም ይችላል።

*የጎማ ቦቲ።* የደጋ ገበሬ በእርሻው ላይ የሚለብሰው ነው። ውሃ ፈጽሞ አያስገባም። ለ20 ኪሎ ሜትር ግን ተረከዝ የሚይዝ ነገር የለውም፣ ላቡም መውጫ የለውም። ካምፕ አካባቢ ውሃ ለመቅዳት ጥሩ።

*ስኒከር።* ለጉዞው አይሆንም፤ ማታ ድንኳን አጠገብ ለመቀየሪያ ያዙት።

እግር ላይ መፈተን

እዚህ ጋ አትቸኩሉ። ሻጩ ይቸኩላል፤ «አቦ፣ ይሰፋል!» ይላል። ቆዳ ወደ ጎን ጥቂት ይሰፋል፣ እውነት ነው። ወደ ርዝመት ግን አይሰፋም፤ ሶሉ አይለጠጥምና።

1. የውስጥ ንጣፉን አውጡት፤ አብዛኛው የጉዞ ጫማ ንጣፉ ይወጣል። ልጁ ካልሲውን አድርጎ ንጣፉ ላይ ይቁም። ከረጅሙ ጣት ፊት አንድ አውራ ጣት ስፋት መትረፍ አለበት። በጎን ደግሞ እግሩ ከንጣፉ ጠርዝ ከፈሰሰ ጫማው ጠባብ ነው፤ ቁጥር መጨመር ጠባብነትን አይፈውስም፣ ሌላ ቅርጽ ፈልጉ።

2. ማሰሪያውን ሳያስር እግሩን ያስገባና ጣቶቹ ፊቱን እስኪነኩ ወደፊት ይግፋ። ከተረከዙ ጀርባ አንድ ጣታችሁ በትክክል ይግባ። ሁለት ከገባ ሰፊ ነው፤ ምንም ካልገባ አጭር ነው።

3. አሁን ተረከዙን መሬት ላይ መታ መታ አድርጎ ወደ ኋላ ያስጠጋና ከታች ጀምሮ ይሰር። ተረከዙ ሲራመድ ከአምስት ሚሊ ሜትር በላይ ሊነሳ አይገባም። ጥቂት መነሳት አዲስ ጫማ ላይ ያለ ነው፤ ሶሉ ሲለሰልስ ይቀንሳል።

4. ደረጃ ላይ ይውረድ። ሱቁ አጠገብ ደረጃ ከሌለ ጠርዝ ላይ ቆሞ ጣቱን ወደ ታች ያዘንብል፤ ወይም የጫማውን ጫፍ ግድግዳ ላይ ቀስ ብሎ ሦስት ጊዜ ይምታ። ጣቶቹ ጫፉን ከነኩ ጫማው ለቁልቁለት አይሆንም። ሐረር የሚገዛ ሰው በዚህ ዕድለኛ ነው፤ የጀጎል ጠባብ መንገዶች ዳገትም ቁልቁለትም ድንጋይም አላቸው፤ ሻጩ እሺ ካለ አንድ ዙር በቂ ፈተና ነው።

5. ቢያንስ 20 ደቂቃ እግሩ ላይ ይቆይ። መጀመሪያ ላይ የሚቆረቁር አንዲት ነጥብ ሃያ ኪሎ ሜትር ላይ ቁስል ናት። ቁርጭምጭሚቱ አጥንት ላይ የአንገቱ ጠርዝ የሚጫን ከሆነ አይግዛ፤ ያ ቦታ አይለማመድም።

ከዚያ ጫማውን እጃችሁ ላይ ያዙት። በተረከዙና በጫፉ ይዛችሁ እንደሚጨመቅ ጨርቅ አጣምሙት፤ በቀላሉ ከዞረ ፍልፈሉ ጉድጓድ ላይ እግሩን አይረዳውም። ደግሞ ጫፉን ወደ ላይ እጠፉት፤ መታጠፍ ያለበት ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ ነው። መሐሉ ላይ የሚታጠፍ ከሆነ በውስጡ ደጋፊ የለም ማለት ነው። የሶሉ ጥርስ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ይኑረው፤ በጥርሶቹ መካከል ክፍተት ካለ ጭቃው ይወድቃል፤ ተጠጋግተው ከሆነ ጭቃው ይሞላቸውና ጫማው እንደ ሸበጥ ይንሸራተታል። ተረከዙ ፊት ለፊት ቀጥ ያለ ደረጃ ይኑረው፤ በቁልቁለት ፍሬን እሱ ነው። ምላሱ በሁለቱም ጎን እስከ ላይ ተሰፍቶ የተያያዘ ይሁን፤ ካልተያያዘ ውሃና ጠጠር በጎኑ ይገባል።

ሴት ልጆችን በሚመለከት አንድ ነገር። ገበያው ላይ የሚገኘው አብዛኛው የወንድ ቅርጽ ነው፤ ተረከዙ ሰፊ ነው። የልጅቷ እግር ፊቱ በትክክል ገብቶ ተረከዙ ከለቀቀ፣ ቁጥር ቀንሳችሁ ጣቷን አታስጨንቁ። ቁርጭምጭሚቷ አጠገብ ማሰሪያውን ሁለት ጊዜ አጠላልፋ፣ የላይኞቹን መንጠቆዎች በቀለበት አድርጋ ተረከዙን ወደ ኋላ ትሳብ። ይሄ አስተሳሰር ብዙውን ጊዜ ይበቃል፤ ካልበቃ ሌላ ጫማ ሞክሩ።

ሰልባጅ ላይ የሚያጋጥም ወጥመድ

ታይዋንና አሸዋ የሚባሉት የድሬ ገበያዎች ዘወር ዘወር ያለ ሰው ከአዲሱ የተሻለ የተራራ ጫማ በጥቂት ብር ሊያገኝ ይችላል። እውነተኛ ጎማ፣ እውነተኛ ቆዳ። ችግሩ ዕድሜው ነው፤ ዕድሜ ደግሞ ከውጭ አይታይም።

የብዙ ጥሩ ጫማ መካከለኛ ሶል ፖሊዩሪቴን ከሚባል ነገር የተሠራ ነው። ቀላልና ድካም የሚችል ነገር ነው፤ ነገር ግን በአየር ውስጥ ያለ እርጥበት ከዓመት ዓመት እየሰበረው ይሄዳል። ሙቀት ያፋጥነዋል። ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ካለፈው፣ ጫማው ሳጥን ውስጥ ሳይነካ ቢቀመጥም እንኳ፣ አንድ ቀን ሶሉ እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል። የሚፈረፈረው ደግሞ ገበያው ላይ አይደለም፤ በሚታጠፍበትና በሚረጥብበት ጊዜ ነው፤ ማለትም ከመኪና መንገዱ አንድ ቀን ርቃችሁ።

ስለዚህ መካከለኛውን ሶል፣ ከታችኛው ጎማና ከላይኛው ቆዳ መካከል ያለውን፣ በአውራ ጣት ጥፍር አጥብቃችሁ ተጫኑት። ጠንከር ብሎ መልሶ ከተነሳ ደህና ነው። ጥፍሩ ምልክት ጥሎ ከቀረ፣ ዱቄት ከመጣ፣ ወይም የሚያጣብቅ ከሆነ ተዉት። ጫማውን አጥብቃችሁ እጠፉትና በጎኑ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ፈልጉ። ምላሱ ውስጥ ካለው ጽሑፍ ላይ ብዙ ጊዜ የተሠራበት ወርና ዓመት አለ፤ ፈልጉት። ኢቫ የሚባለው ሌላው ዓይነት አይፈረፈርም፤ ግን ሲያረጅ ይጨመቃል፣ ይሳሳል። ተረከዙን ከጎን ስታዩ አንዱ ወገን ዝቅ ካለ የቀድሞው ባለቤት አረማመድ ታትሞበታል፤ የእናንተ ልጅ የሌላ ሰው አረማመድ እንዲወርስ አታድርጉ።

ሶሉ ላይ ያለው ቢጫ ስምንት ማዕዘን የቫይብራም ምልክት ነው፤ ስሙ ከፈጣሪው ከጣሊያናዊው ቪታሌ ብራማኒ የመጣ። ምልክቱ በቀላሉ ይኮረጃል። ምልክቱን ሳይሆን ጎማውን ፈትኑ፤ ጥፍር ሲጫነው ገባ ብሎ የሚመለስ፣ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ሲገፉት የሚይዝ ጎማ ነው። የሚያንሸራትትና የሚያብለጨልጭ ከሆነ ፕላስቲክ ነው፤ ብርድ ሲመታው ደግሞ ይባስ ይደርቃል።

ገዝታችሁ ቤት ስትገቡ ሳፋ ውስጥ እስከ ማሰሪያው መጀመሪያ የሚደርስ ውሃ አድርጉ። ልጁ ደረቅ ካልሲ አድርጎ አሥር ደቂቃ ወዲያ ወዲህ እያለ ይቁምበት። ካልሲው ከረጠበ የትኛው ጎን እንደሆነ እዩ። (የድሬው ወንዝ ደቻቱ ላይ እንፈትነው እንዳትሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው፤ ውሃ ሲመጣበት ደግሞ የሚቀለድበት አይደለም።)

ካልሲ

ለጫማ የወጣው ገንዘብ በመጥፎ ካልሲ ይበላሻል። ጥጥ ላብን ጠጥቶ ይይዛል፤ እርጥብ ቆዳ ይለሰልሳል፣ ይላጣል። ሱፍ ወይም ሱፍና ናይለን የተቀላቀለበት ይሁን፤ ከሌለ ፖሊስተር የበዛበት የስፖርት ካልሲ ከጥጡ ይሻላል። ሁለት ካልሲ መደረብ ይቻላል፤ ከሥር ስስና ለስላሳ፣ ከላይ ወፍራም፤ መታሸቱ በካልሲና በካልሲ መካከል ይሆንና ቆዳው ይድናል። ጫማው በሁለቱ ካልሲ ተሞክሮ የተገዛ መሆን አለበት። ለሦስት ቀን ሦስት ጥንድ፣ አንዱ ለመኝታ ብቻ።

ማለማመድ

በመጀመሪያው ሳምንት ቤት ውስጥ በቀን አንድ ወይም ሁለት ሰዓት፤ ድሬ ላይ ማታ ሲቀዘቅዝ። ጫማው እስካልቆሸሸ ድረስ አንዳንድ ሱቅ ለመቀየር ስለሚስማማ ይሄ ሳምንት ውጭ አትውጡበት። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ጠዋት ከአራት እስከ አምስት ኪሎ ሜትር። ከዚያ ዳገት፤ ሐረር ያለ ሐኪም ተራራን ይውጣና ይውረድ፣ ድሬ ያለ ከከተማዋ በስተ ደቡብ ያሉትን ኮረብታዎች በእግረኛ መንገድ ይያዝ። ከድሬ ወደ ሐረር የሚወጣው የደንገጎ አስፋልት ላይ ልጆች አታሠልጥኑ፤ የጭነት መኪናው ቁልቁል የሚመጣበት ጠመዝማዛ ነው። በአምስተኛው ሳምንት ጀርባ ላይ አምስት ኪሎ፣ በስድስተኛው የጉዞውን ሙሉ ጭነት ይዞ አንድ ሙሉ ቀን፣ ከ15 ኪሎ ሜትር ያላነሰ። ጭነቱ ከሰውነቱ ክብደት አንድ አምስተኛ አይብለጥ፤ 50 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 10 ኪሎ። ባሌ ላይ የጭነት ፈረስ ስለሚከራይ ከዚያም ሊያንስ ይችላል።

ጫማን በውሃ ነክሮ እግር ላይ ማድረቅ የድሮ ምክር ነው፤ አትከተሉት። ቆዳው ሲደርቅ ይሸበሸባል፣ ማስቲሹ ይለቃል።

ጫማ ሰፊ ዘንድ

ሶሉ ጠርዝ ላይ በጥቂቱ ከለቀቀ ከጉዞው በፊት ይጠገን። ሁለቱም ገጽ ተፍቆና ደርቆ፣ ማስቲሹ በሁለቱም ላይ ተቀብቶ፣ እጅ ሲነካው የማያጣብቅ እስኪሆን አሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ፣ ከዚያ ተጭኖ ቢያንስ 24 ሰዓት ሳይለበስ ይቆይ። እርጥብ እያለ የተጣበቀ ማስቲሽ ሳነቴ ላይ አይቆይም። ሰፊው «ዙሪያውን ልስፋልህ» ሲል ለሙሉ ቆዳ ጫማ እሺ በሉ፤ በጣም ያጠነክረዋል። ውስጡ ውሃ የማያስገባ ሽፋን ላለው ጫማ ግን እንቢ በሉ፤ ወስፌው ሽፋኑን ዙሪያውን ይበሳዋል፣ የከፈላችሁበትን ነገር ያፈርሰዋል።

ውሃ መከላከያ ለሙሉ ቆዳ የማር ሰም ነው። ጥቂት ሞቅ አድርጋችሁ በጨርቅ ስፌቶቹ ላይ ደጋግማችሁ፣ ሌላው ላይ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። የምግብ ዘይት አትቀቡ፤ ቆዳውን አልቅቆ ቅርጹን ያሳጣዋል። ለስላሳ ፀጉራም ገጽ ያለው ቆዳና ጨርቅ ሰም አይወድም፤ ለእነሱ የሚረጨው ዓይነት ነው።

መንገድ ላይ

ጥፍር ከጉዞው አራት ቀን ቀድሞ፣ ቀጥ ብሎ ይቆረጥ። ዳገት ላይ የላይኛው ማሰሪያ ላላ ይበል፣ ቁልቁለት ላይ የእግሩ ጀርባ ላይ ያለው ይጥበቅ፤ ሁለቱን በአንድ አስተሳሰር የሚሄድ ልጅ ማታ ጥፍሩን ይቆጥራል። የሣሩ ጤዛና ጠጠር እንዳይገባ ገምባሌ ካለ ጥሩ ነው፤ ከሌለ ሱሪው ከጫማው ውጭ ይውረድ፣ ወደ ውስጥ አይጎረስ፤ የሚፈሰው ውሃ ወደ ጫማው ይገባልና።

ልጆችን አንድ ነገር አስተምሩ፤ እግር «ሞቀኝ» ሲል ወዲያው መናገር። መሪው እንዳይቆጣ ብለው ዝም ይላሉ። ውሃ ከመቋጠሩ በፊት ያለችው ያቺ ትኩስ ነጥብ ናት፤ በዚያ ጊዜ ጫማው ወልቆ፣ እግሩ ደርቆ፣ ፕላስተር ሳይሸበሸብ ቢለጠፍ ጉዳዩ ያበቃል። ውሃ ከቋጠረና የሚያስቸግር ከሆነ በእሳት በተኮሰ መርፌ ከጠርዙ ይበሳ፣ ውሃው ይውጣ፣ ቆዳው ግን አይላጥ፤ ከላዩ ንጹሕ ፋሻ ይሸፈን።

ማታ ጫማው ውጭ አይደር። የረጠበ ጫማ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ድንጋይ ይሆናል፣ ጠዋት እግር አያስገባም። ማሰሪያው እስከ ታች ይላላ፣ ምላሱ ወጥቶ ይከፈት፣ በፌስታል ተጠቅልሎ የመኝታ ከረጢቱ ግርጌ ይግባ። የረጠበውን እሳት ዳር ማስቀመጥ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ቆዳው ይሰነጠቃል፣ ማስቲሹ ይቀልጣል። ውስጡን በጋዜጣ ሞልቶ ጋዜጣውን ሁለት ጊዜ መቀየር ይበቃል።

ቤት ሲገባ ጭቃው በውሃና በብሩሽ ይታጠብ፣ ንጣፉ ይውጣ፣ ጥላ ላይ ይድረቅ። የድሬ ፀሐይ ላይ፣ መኪና ውስጥ፣ ወይም ቆርቆሮ ጣራ ሥር አታስቀምጡ፤ ከላይ ያልነው መፈረፈር የሚፋጠነው እዚያ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ለታናሽ ወንድም ወይም እኅት ልታወርሱት ከሆነ ንጣፉን በአዲስ ቀይሩ፣ ልኩን እንደገና ውሰዱ፣ ተረከዙን ከጎን እዩት፤ ያዘመመ ከሆነ ለታናሽየው ሌላ ይፈለግለት።